የፕሬዚዳንቱ ሚስት ጉምቦ የዋለችበት ቀን

ፕሬዚዳንት የምለው ሰው አገር አልገዛም። ከጫካ የመጣ የአንድ ንቅናቄ መሪ ነው። ለእርቅ ንግግር ተጠርቶ ጁባ ሲገባ፣ ሃያ ያህል ሰው አስከትሎ እኔ በምሠራበት ሆቴል አረፈ። ተከታዮቹ ‹‹ሚስተር ፕሬዚዳንት›› ይሉት ነበር። እኛም እንደዚያው አልነው፤ እንግዳን ራሱ በሚወደው ስም መጥራት የሆቴል ሥራ ግማሹ ነው። ለሁለት ሳምንት ተብሎ መጥቶ አሥር ወር ተቀመጠ።

እኔ የክፍሎች ኃላፊ ነበርኩ። አንሶላ፣ ፎጣ፣ አጎበር፣ የውሃ መውረጃ፣ የበረሮ መድኃኒት ሁሉ በእኔ ሥር ነው። ያደግኩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ በአሥር ዓመት ከሚያንሱኝ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ አራት ሞልቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጣመመ መስመር አያስችለውም። ሴቶቹ ያነጠፉትን አንሶላ እየተከተልኩ እንደገና እስብ ስለነበር ከኋላዬ ‹‹ማስመሪያ›› ይሉኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ወሬ አልወድም፤ ክፍት ሰዓት ሳገኝ አነባለሁ።

ርብቃ የፕሬዚዳንቱ አራተኛ ሚስት ናት። እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ስድሳን ያለፈ። እንግዳ ሲመጣና ፎቶ ሲነሣ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ሰዎቹም ‹‹የነገዋ ቀዳማዊት እመቤት›› ይሏታል። እንግዳው ሲሄድ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስልክ የላትም። የእሷን ክፍል እኔ ራሴ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ስለነበር በየቀኑ እገባለሁ። ‹‹ጉድ ሞርኒንግ፣ ማዳም›› እላለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ በቃ።

አንድ ጠዋት አልጋውን እያነጠፍኩ ለራሴ አጉረመረምኩ። ‹‹አሁን ይሄ ትራስ ነው ወይስ የሽንኩርት ከረጢት?››

‹‹ከረጢቱንማ አንቺ ነሽ ገልብጠሽ ያለበስሽው›› አለ ከመስኮቱ በኩል የመጣ ድምፅ።

ዞር ስል ከእሷ በቀር ሰው የለም። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነበር።

‹‹አንቺ አማርኛ ትችያለሽ እንዴ?››

‹‹ጋምቤላ ነው ያደግኩት። ስደተኛ ሆነን። እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምሬያለሁ።››

‹‹ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም?››

‹‹ማን ያናግረኛል? ሰው ሁሉ ማዳም ይለኛል። ማዳም ሲሉሽ ደግሞ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?››

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷን ክፍል መጨረሻ አደርገው ጀመር፣ ጊዜ እንድናገኝ። እኔን ‹‹እትዬ ውዴ›› ትለኛለች፤ ስሜ ውድነሽ ነው። ከአገር ስወጣ ይዤው የመጣሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ነበረኝ፤ አበደርኳት። ጥያቄዎቹን በእርሳስ፣ ለማጥፋት እንዲመች አድርጋ በስሱ ትሠራለች። እኔ በሁለት ወር የተረዳሁትን እሷ በአንድ ሳምንት ጨረሰችው። ቅናት ቢጤ ሸነቆጠኝ፤ መደበቅ አያስፈልግም።

ፕሬዚዳንቱ ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ለምናመጣለት ሻይ ሁልጊዜ ያመሰግናል። ግን ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰሙ ጠባቂዎቹን ላብ ያጠምቃቸው ነበር። መጽሐፉን አልጋ ላይ ባየው ጊዜ ‹‹ማዳም ዶክተር!›› ብሎ ስቆ አለፈ።

ንግግሩ ፈረሰ የተባለ ዕለት ጠዋት ስገባ ርብቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

‹‹ሐሙስ ወደ ሜዳ ይመለሳል። እኔንም ይዞ።››

‹‹ሜዳ ማለት…››

‹‹ጫካ። ሦስተኛዋ ሚስቱ እዚያ ነው የተቀበረችው፣ በምጥ ሞታ። በሸክም ሲያመጧት ክረምት ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አላቸው። ከገባሁ አልወጣም፣ እትዬ ውዴ።››

ኡጋንዳ መጠለያ ጣቢያ የምትኖር አክስት አለቻት። ትምህርት ቤትም አለ። እዚያ ከደረሰች ማንም አያገኛትም። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ አምስት ቀን ቀርቷል።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ግን ዕቅድ ማውጣት አውቃለሁ። ለሐሙስ ስንብት ቀሚስ እየተሰፋላት ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት ማላኪያ የሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ቤት ትለካለች። ማክሰኞ ደግሞ የእኔ ዕረፍት ነው። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ቦታውን ሄጄ አየሁት። የሱቆቹ ሁሉ የጋራ ሽንት ቤት ጓሮ ነው፤ ከጓሮው በቆርቆሮ አጥር መሀል ወደ ሌላው መንገድ ያወጣል። ሁለት ጊዜ ተራምጄ ለካሁት፤ አርባ አንድ እርምጃ። እዚያ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዤ እጠብቃታለሁ። የወንዙን ድልድይ ተሻግረን እኔ ቤት፣ ጉምቦ እንገባለን። ወደ ኡጋንዳ ድንበር፣ ወደ ኒሙሌ የሚሄዱት አውቶቡሶች የሚነሡት ማለዳ ብቻ ስለሆነ እኔ ዘንድ አድራ፣ ከመናኸሪያ ሳይሆን ከእኔ ደጅ ረቡዕ ትሳፈራለች። ለሹፌሩ ነግሬ ቦታ አስይዣለሁ።

ዕቅዱ አንድ ቀዳዳ ነበረበት፦ መንገዱ። በዚያ መንገድ መኪና አስቁመው ሰው የሚያወርዱ አሉ። ብቻዋን፣ ያለ ወረቀት፣ በዚያ ዕድሜ!

‹‹ወንድም የለሽም?›› አልኳት ሰኞ ጠዋት።

‹‹አለ። ፒተር። ካስተም ገበያ ከኡጋንዳ የሚመጡ መኪኖችን ያራግፋል።››

‹‹ይወድሻል?››

‹‹ከነፍሱ።››

‹‹ታዲያ እሱ ይሸኝሻ!››

‹‹ፒተርን ተይው።››

‹‹ለምን?››

‹‹በቃ ተይው። እሱ አይወቅ።››

አዘነችለት፣ ችግር ውስጥ እንዳይገባ ፈራችለት ብዬ ተረጎምኩት። እኛ አገር ሴት ልጅ ባሏ ሲበድላት ማን ነው የሚመጣው? ወንድሟ። በቅሎ ጭኖ፣ ዱላውን ይዞ። ‹‹ከብት ተሰጥቶብኛል›› ብላ ነግራኝም ነበር። እኔ ጥሎሽ መስሎኝ ሰማሁት፤ ለሠርጉ ቀን የሚሰጥ፣ ተሰጥቶ ያለቀ ነገር። ምንም አልጠየቅኳትም። ሁሉን ነገር የምጠይቅ ሴት፣ ያን አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ዕቅዱ እንደ ሰዓት ሠራ። ጠባቂዋ ከልብስ ሰፊው በር ላይ ሻይ ይዞ ቁጭ ብሏል። እሷ ሽንት ቤት ብላ በጓሮ ወጣች። ከቤት ያመጣሁላትን ቀሚስና ሻሽ ራክሻው ውስጥ በላይዋ ላይ አለበስኳት። ቁልፉን መቆለፍ አቃታት፤ እኔ ቆለፍኩላት። ድልድዩ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን።

‹‹ኬፍ፣ ማማ? ይቺ ማን ናት?››

‹‹አዲስ ሠራተኛ ናት። አንሶላ ማንጠፍ እያሠለጠንኳት ነው።››

አየት አደረጋትና ሳቀ። ‹‹ለዚህም ትምህርት አለው?››

‹‹አንተ የተኛህበትን ብናይ አለው እንል ነበር።››

እየሳቀ አሳለፈን። ከድልድዩ ማዶ ስንወርድ ርብቃ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ መንዘፍዘፍ ጀመረች። የምታለቅስ መስሎኝ ጀርባዋን ስዳብስ፣ ለካ እየሳቀች ነው። ‹‹አንቺ ዝምተኛ ነሽ ብዬ!›› አለችኝ።

ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት። ምስር ሠርቼ ነበር፤ ሁለት ሳህን በላች። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም ጊዜ አሥራ አንድ ተኩል አልኳት። ከዚያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ሰው እንደዚያ ሲተኛ አይቼ አላውቅም፤ ድንጋይ ወደ ውሃ ሲገባ ነው የምትመስለው።

እኔ ተቀምጬ የጻፍኩትን ዕቅድ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሁሉም መስመር ቀጥ ብሏል። ያቺ አንዷ ቀዳዳ ብቻ። ቀዳዳ ሳይ እጄ አያርፍም። ‹‹ወንድም እያላት›› አልኩ ለራሴ። ‹‹ከነፍሱ የሚወዳት ወንድም፣ የኡጋንዳ ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ወንድም፣ ወንዙን ተሻግሮ እያለ!›› በሩን ከውስጥ እንድትቆልፍ ብቻ ቀስቅሼ፣ ‹‹ውሃ ልግዛ›› ብዬ ወጣሁ። በሞተር ካስተም ሄድኩ።

ፒተርን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ረጅም፣ ዱቄት የለበሰ ወጣት ነው። ከትከሻው ላይ ከረጢቱን ሳያወርድ ‹‹ርብቃ ምን ሆነች?›› አለኝ፤ ስሟን ስጠራ ገና። በአማርኛ ነገርኩት። ሁሉን ነገርኩት። ከረጢቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

‹‹እንኳን ነገርሽኝ፣ እትዬ። ቤትሽ የት ነው?››

ነገርኩት። እስከ ድልድዩ ድረስ ልቤ ሞልቶ ተመለስኩ። ለርብቃ ምንም አልነገርኳትም፤ እንዳትከራከረኝ፣ ሲመጣ ታየዋለች ብዬ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ፒተር ነው። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ወታደር አላመጣም፣ ዱላ አልያዘም። ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት ጡት የሚጠባ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ‹‹ቤተሰቡን ሊያሰናብታት አምጥቶ ነው፣ ምን ዓይነት ደግ ነው!›› አልኩ በልቤ።

ርብቃ ሕፃኑን አየች። ወንድሟን አላየችውም። ወደ እኔ ነው የዞረችው።

‹‹ነገርሽው?››

‹‹እንዲሸኝሽ ነው…››

ወደ ወንድሟ ዞረች። እነሱ በቋንቋቸው ተነጋገሩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። እኔ ለእንግዳ እንደሚደረገው ወንበር አቀረብኩ፣ ውሃ ቀዳሁ። ከጥቂት በኋላ ፒተር ወደ አማርኛ ዞረ።

‹‹እትዬ፣ አንቺም ቁጭ በይና ስሚ። የደበቅኩት ነገር እንዳይመስልሽ። ይቺ ሚስቴ ናት። ያገባኋት በርብቃ ከብቶች ነው። ሽማግሌው፣ የርብቃ ባል፣ ለእኛ የሰጠው ከብት ለሚስቴ አባት ሄደ። የሚስቴ አባት ደግሞ በዚያው ከብት ለወንድ ልጁ ሚስት አመጣበት። ርብቃ ከባሏ ከወጣች ከብቱ ይመለሳል። ከየት ይመለሳል? ስለዚህ የሚስቴ አባት ሴት ልጁን መልሶ ይወስዳታል። ይሄስ?›› ወደ ሕፃኑ አመለከተ። ‹‹ይሄ እናቱን የት ያገኛታል?››

‹‹ጥሎሽ እኮ አይመለስም›› አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

‹‹ጥሎሽ ምንድን ነው?››

ርብቃ መለሰችለት። ‹‹እነሱ አገር ለሙሽራዋ የሚሰጥ ልብስና ጌጥ ነው። ከተሰጠ ተሰጠ።››

‹‹ጥሩ አገር ነው›› አለ ፒተር። አልቀለደም። ‹‹ሽማግሌው ደግሞ ለሽምግልና አይመጣም። የሚልካቸው ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለች። ርብቃ፣ አልጎትትሽም። እጄን አላነሣብሽም። እሄዳለሁ ካልሽ እዚህ ተቀምጬ አይሻለሁ።››

ሚስቱ ተነሥታ መጣችና ሕፃኑን ርብቃ ጭን ላይ አስቀመጠችው። አዟት ይሁን ከራሷ፣ ዛሬም አላውቅም። ርብቃ አይታው አታውቅም ነበር፤ የተወለደው እሷ ሆቴል ከተቆለፈባት በኋላ ነው።

‹‹ስሙ ማነው?›› አለች በአማርኛ፣ የእኔን ቤት አክብራ ይመስለኛል።

‹‹በአንቺ ስም ልንጠራው ወስነን ነበር›› አለ ፒተር። ‹‹ወንድ ሆኖ አስቸገረን።››

ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ሚስቱም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፤ ያ ሳቅ ምን እንደሆነ ገብቶኛልና። ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ ጫማዋን ፈለገች።

በሩ ላይ ቆምኩ። በሕይወቴ በሰው መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም። ‹‹አትሄጂም! ጠዋት እኮ ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እንኳን አልቀረሽም!››

‹‹እትዬ ውዴ፣ ተይው ብዬሽ ነበር እኮ።››

‹‹ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም!››

‹‹ብነግርሽ አታግዢኝም ነበር። አንቺ ልክ የምትወጂ ሰው ነሽ፤ ለሕፃኑ ልክ የሆነውን ታስቢ ነበር።›› ሻሿን አስተካከለች። ‹‹እኔ ደግሞ መሄድ የምችለው ሳላየው ነበር።››

ፈቀቅ አልኩ። መጽሐፉን ይዤ ተከትዬ ወጣሁ፤ ራሷን ነቀነቀች፣ አልወሰደችውም። አራቱም ወደ ዋናው መንገድ ሲሄዱ አየኋቸው። ፒተር የእህቱን እጅ ይዟል። አካሄዳቸውን ያየ ከዘመድ ቤት የሚመለሱ ይላቸዋል።

ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን አውቶቡሱ ደጄ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ። ወጥቼ ‹‹ማፊ፣ ከላስ›› አልኩት፤ የለም፣ ቀርቷል። ሹፌሩ ተሳድቦ ሄደ።

ሥራ ገባሁ። ፕሬዚዳንቱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጠራኝ።

‹‹ማዳም ትናንት የወንድሟ ልጅ ታሞባት ጉምቦ ሄዳ ነበር›› አለኝ በእንግሊዝኛ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ። ‹‹ጉምቦ ነው አይደል የምትኖሪው?››

‹‹አዎ፣ ጌታዬ።››

‹‹ልጁ ዳነ?››

‹‹ዳነ፣ ጌታዬ።››

‹‹ደስ ይላል። ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ።›› ሻዩን ያመጣሁት እኔ አልነበርኩም።

ፒተርና ርብቃ በአንድ ቃል ተነጋግረው ሸፍነውኛል ማለት ነው። ጠባቂውን የሸፈነው ግን የለም። ረቡዕ ከሰዓት ግድግዳ እየተደገፈ ሲራመድ አየሁት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ስሙን እንኳን አላውቀውም፤ በዕቅዴ ውስጥ ‹‹ጠባቂው›› ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ሐሙስ ርብቃ በአዲሱ ቀሚስ ወጣች። ልክ ሳይወሰድላት የተሰፋ ስለሆነ ትከሻው ላይ ይሰፋታል። ፎቶ ተነሡ። ወደ መኪናው ስትሄድ ሠራተኞቹ ተሰልፈን እጅ ነሣን። እኔ ጋ ስትደርስ ‹‹ባይ ባይ፣ ማዳም›› አለችኝ። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ‹‹መልካም አስበሽ ነው›› እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ የነገርኳቸው ሁሉ ብለውኛል። ቃሉ አያጽናናኝም። መልካም ያሰብኩት በእኔ አገር ወንድም፣ በእኔ አገር ጥሎሽ ነው። የእሷን አገር ከእኔ በላይ የምታውቅ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ምን እንደሚያድናት በሁለት ቃል ነግራኝ ነበር። ፒተርንም ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ያን ሕፃን አይቼዋለሁ። ሆቴሉን ለቅቄ አሁን ጉምቦ ለጎልማሶች ፊደል አስተምራለሁ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቤቴ የመጣች ሴት ‹‹ለእገሌ አትንገሪ›› ስትለኝ ምክንያቱን አልጠይቅም። እናንተም ዘንድ አንዲት ሴት መጥታ እንዲህ ካለቻችሁ፣ ብልኃቷን አታርሙላት።

ከሁለት ወር በፊት ፒተር ደወለልኝ። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም አነሣለሁ።

‹‹ርብቃ በሳተላይት ስልክ አገኘችን›› አለኝ። ‹‹አንድ ደቂቃ ነው የሰጧት።››

‹‹ደህና ናት?››

‹‹ድምፅዋ ደህና ነው። ነፍሰ ጡር ናት። ስለ አንቺ ጠየቀች።››

‹‹ምን ብላ?››

‹‹‘እትዬ ውዴን ጠይቃት፤ የኒሙሌ መንገድ ክፍት ነው ወይ?’ አለችኝ።››

‹‹ምን አልካት?››

ከፒተር በስተኋላ ሕፃኑ የሆነ ነገር እየደበደበ ሲጫወት ይሰማኛል።

‹‹ዝግ ነው አልኳት›› አለ።

ያን ሳምንት አውቶቡሶቹ በየማለዳው በደጄ እያለፉ ነበር።